ሐያት አልተገኘችም

ያየሁትን እንዳየሁት እንጂ እንደመሰለኝ ላልጽፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነው የጀመርኩት። ማብራሪያ ያላገኘሁለት ቦታ ላይ ስደርስ አላገኘሁለትም ብዬ አልፋለሁ።

የተወለድኩት ዲላ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው። ስሜ ሠናይት ይባላል፤ በንጉሡ ሠ። አባቴ «በእሳቱ ሰ ከጻፉሽ አንቺን አይደለም የጻፉት» ይሉኝ ስለነበር ይህን ነገር እንደ ማተቤ ይዤው ኖሬአለሁ። የቢሮ ፊርማ ወረቀት ላይ እንኳ «ሰናይት» ተብዬ ካየሁ ሰርዤ ነበር የማስተካክለው፤ ሰዎች ይስቁብኛል፣ እኔ አልስቅም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የምታፍሩብኝ በዚሁ ስለሆነ ነው።

በኮምፒውተር ጥገና በዲፕሎማ ተመርቄ መካነ ሰላም የተመደብኩት፣ ወገኖቻችን ከሳውዲ በገፍ በተመለሱበት ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከዲላ በመኪና ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዘመድ የለኝም፣ የማውቀው ቤተ ክርስቲያንና የተከራየሁትን ክፍል ብቻ ነበር። የዚያ አገር ክረምት ደግሞ ለማያውቀው ያስፈራል። ጉሙ ከሰማይ አይወርድም፤ ከገደሉ ውስጥ ነው የሚወጣው። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ይመስላል። በመንገድ ላይ የሰው ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ሰውየውን አታዩትም።

የተመደብኩበት ቢሮ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ከአካባቢው ወረዳዎች ወደ ዐረብ አገር ሄደው የጠፉ ልጆችን ስም ይመዘግባል። ከአዲስ አበባ ደግሞ የተመላሾች ዝርዝር በየሳምንቱ ይመጣል። ሁለቱን የሚያስተያይ ፕሮግራም ነበር፤ የሠራው ከእኔ በፊት በቦታው የነበረ ሰይድ የሚባል የኩታበር ልጅ ነው። ሰይድን አላገኘሁትም። እኔ ከመምጣቴ ሦስት ወር በፊት ሥራውን ትቶ በጅቡቲ በኩል ራሱም ወደ ዐረብ አገር ወጥቷል። ስልኩ አይሠራም።

የሰይድ ፕሮግራም የተለየ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋው አዲሱ ዕትም የእኛንም ፊደል ስለሚቀበል፣ ፋይሎቹን ሁሉ በአማርኛ ነበር የሰየማቸው። ሥራው ሃያ ሁለት ፋይሎች ላይ ተከፋፍሏል፤ ዋናው ፋይል ሲነሣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠራቸዋል፣ እነሱም መጥተው የድርሻቸውን ይሠራሉ። ደሴ ያሉ አለቆች «ፕሮግራም ደግሞ በአማርኛ» ብለው ቀልደውበት ነበር አሉ። እሱ ግን «ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንግሊዝኛ ባይችልም ምን እንደሆነ ይወቀው» ብሎ መለሰላቸው።

በመጣሁ በሳምንቴ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። ውስጡ ያለውን ደሴ የሚሠራ ባለሙያ አወጣልን። ይዘቱ ተርፏል፣ የፋይሎቹ ስም ግን ጠፍቶ በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር። ደግነቱ ሰይድ ስሞቹን ሁሉ በቅደም ተከተላቸው ደብተር ላይ ጽፏቸው ነበር። የቢሮው ጥበቃ ጋሽ ይመር፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ፣ ከአጠገቤ ቆመው ያነቡልኝ ጀመር።

«መዝገብ» ይላሉ፣ እጽፋለሁ። «ቀበሌ»። «ኅዳር»። «ፀሐይ»። «ይኸኛው ሐያት ይላል። የሰው ስም ነው እንዴ?»

«ያለውን ይበሉ ጋሽ ይመር።»

«ሐያት ነዋ።»

ጻፍኩ።

ሃያ ሁለቱም ተጽፈው አለቁ፣ ፕሮግራሙ ተነሣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ያን ጊዜ ነው ፕሪንተሩ ያለማንም ትእዛዝ ተንጫጭቶ አንዲት መስመር የጻፈው።

«ሐያት አልተገኘችም።»

የመጀመሪያ ሐሳቤ ፋይሉ ጎድሏል የሚል ነበር። ፎልደሩን ከፈትኩ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ፋይሉ አለ። ሀያት ይላል፣ በዐይኔ አየሁት። ፕሮግራሙም አልቆመም፣ ስሞቹን ማስተያየቱን ቀጥሏል። ታዲያ አልተገኘችም የሚላት ማንን ነው? ጋሽ ይመር ጢማቸውን እያሹ፣ «ሰይድ የሆነች ልጅ በማሽኑ እያስፈለገ ነበር የሄደ። የሱን ፍለጋ ነው የሚፈልግለት» አሉ። እኔም አመንኩ። ፋይሉ በቦታው ስላለ፣ የጠፋችው ሰው ናት።

በዚያ ክረምት መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሄዳል። በተመለሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሣል፣ ፕሪንተሩም ያቺኑ መስመር ይጽፋል። ጉም በሞላው ክፍል ውስጥ ሰው ሳይነካው «ሐያት አልተገኘችም» ይላል። የጎረቤት ክፍል ሠራተኞች መብራት ሲመጣ ወደ ውጭ መውጣት ጀመሩ። ጋሽ ይመር፣ «ከእኔ ይልቅ ነቅቶ የሚያድር ጥበቃ አገኘን፣ ጡረታዬን ስጡኝ» ብለው ይቀልዳሉ፤ እሳቸውም ግን መብራት ሲመጣ ከደጃፉ አያልፉም። እኔ የጸበል ጠርሙሴን ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀመጥኩ። የሰው ስም ያለበትን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ መጣልም አልሆነልኝም። እየቀደድኩ መሳቢያ ውስጥ አኖራለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ከዝርዝሩ የሚገኝ ሰውም ጥቂት ነበር፤ እኔ የተመለሰው ሰው ጥቂት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ይመር አንዲት እናት አስከትለው መጡ። እማ ዘሀራ ይባላሉ። ከማሻ በላይ፣ የመቅደላ አምባ ፊት ለፊት ከሚታይበት መንደር ነው የመጡት። ነጠላቸው በጉሙ ርሷል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ማሽኗን የያዝሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማ። ይቀመጡ።»

«መቀመጡስ አብሽሪ፣ ቁሜም ይሆናል። ስም ላሰርዝ ነው የመጣሁ።»

ስም የሚሰረዘው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሰውየው ሲገኝ ወይ ሲሞት። ፊታቸውን አይቼ የትኛው እንደሆነ አወቅሁ።

«ልጄ ናት» አሉ። «አብራት የነበረች መጥታ ከፎቅ ወደቀች አለችን። አየሁ አላለችም፣ ሰማሁ ነው ያለች። ወንድሞቿ እስከ መቼ እንንጠልጠል አሉ። ጁምዓ በሌለችበት የጀናዛ ሶላት ይሰገድባታል፣ ሰደቃዋም ይወጣል። በመዝገብ እየተፈለገች ሊሰገድባት ደስ አላለኝም። ሁለት ነገር ይሆናል።»

የስረዛ ቅጹን አወጣሁ። እሳቸው ጣታቸውን ካተሙበት በኋላ ስሙ ከፍለጋው ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የትም ዝርዝር ላይ ብትኖር የሚያያት የለም። ይህን ነገርኳቸው።

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ጻፊው።»

እስክሪብቶዬን ሳነሣ መብራት ጠፋ። መስኮቱ ነጭ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ፕሪንተሩ ተንጫጫ። ጋሽ ይመር ወደ ውጭ ወጡ።

እማ ዘሀራ ወረቀቱን አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«ምን አለ?»

ሱባኤ ላይ ነበርኩ፣ ልዋሽ አልሆነልኝም። «ሀያት አልተገኘችም ነው የሚል፣ እማ።»

እጃቸው ነጠላቸው ላይ ቀረ።

«ስሟን ማን ነገረው?» አሉ በዝግታ። «እኔ ስሟን መቼ ተናገርኩ?»

እውነታቸውን ነበር። አንባቢዎቼ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የልጃቸውን ስም አልነገሩኝም። ጋሽ ይመርም አያውቁም ነበር፤ በኋላ ጠይቄአቸዋለሁ። አፌ በራሱ ውዳሴ ማርያም ይዟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚላት?»

መሳቢያውን ከፈትኩላቸው። የሁለት ወር ብጣሽ ወረቀት ነበር፣ ሁሉም ላይ ያቺው መስመር። ጎንበስ ብለው አዩት፣ አልነኩትም።

«ያረቢ» አሉ። «እኔ ሳልጠይቅ ሲነግረኝ ኖሯል ለካ።» ቀጥለውም፣ «ከነዚህ አንዷን ስጭኝ፣ ልጄ።»

«ምን ያደርጉላታል?»

«የምከፍነው የለኝም። ሸሁ ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ፣ ስሟን እንኳ ልከፍነው።»

አንዷን ሰጠኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። እኔም ቅጹን መሙላት ቀጠልኩ። «ሀያት» ብዬ ጻፍኩ። «የአባትስ ስም?» አልኩ፣ የጻፍኩትን እያነበብኩላቸው። «ሀያት...»

«እንደሱ አይደለም» አሉኝ።

«ሀያት አይደለም ስሟ?»

«ሐያት ነው ስሟ።» ከጉሮሯቸው ጥልቅ ሆኖ ወጣ፣ እንደ ትንፋሽ። «ሸሁ ቁርኣን ሲያስቀሯት መጀመሪያ ያስተማሯት ይችን ድምፅ ነው። ስምሽን ከጉሮሮ ካላወጣሽው ሌላ ነው የምትሆኚ ይሏት ነበር። አሁን አንቺ እንደምትጠሪው ብትጠሪያት ዞርም አትልልሽ። ሌላ ሰው ነው የምትጠሪ።»

በእሳቱ ሰ ከጻፉሽ አንቺን አይደለም የጻፉት።

የአባቴ ድምፅ ነበር። ከጆሮዬ አጠገብ የተናገሩ ያህል ነው የሰማሁት። ዐይኔ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በግራ በኩል ፕሪንተሩ ያወጣው ወረቀት አለ፣ በሐመሩ ሐ የተጻፈ። በቀኝ በኩል እኔ አሁን የጻፍኩት ቅጽ አለ፣ በሃሌታው ሀ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱን አንድ አድርጌ ሳነብ ኖሬአለሁ። ሁላችንም እንዲያ ነው የምናነብ፤ ዐይናችን ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚያየው። ማሽን ግን ጆሮ የለውም። ለእሱ ሀ እና ሐ እንደ በ እና እንደ ከ የተለያዩ ናቸው።

ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሉ እንዳለ አለ፣ እኔ እንደጻፍኩት፣ በሃሌታው። ዋናው ፋይል የሚጠራው ደግሞ ሐያትን ነው። በየቀኑ ይጠራታል፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አያገኛትም፣ አልተገኘችም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሰይድ የሴት ስም ስላወጣላት ግሡንም የሴት አድርጎታል። ያ ብቻ ነበር ምሥጢሩ።

አንዲት ፊደል ለወጥኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አጥፍቼ አስነሣሁት።

ፕሪንተሩ ዝም አለ።

ሰው የለመደው ድምፅ ሲቀር እንዴት እንደሚያስደነግጥ ታውቃላችሁ። ጋሽ ይመር በደጃፉ አንገታቸውን አስገብተው፣ «ዛሬ ምነው ዝም አለ? ታመመ?» አሉ። እማ ዘሀራ ወረቀቱ ከሚወጣበት ቦታ ዐይናቸውን አልነቀሉም።

ያን ጊዜ ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ አነበብኩት። ከላይ ሰይድ ለሚቀጥለው ሰው የተወው ማስታወሻ ነበር። «ይህ ፋይል ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ አንድ ያደርጋል፤ ሌሎቹንም ሞክሼዎች እንዲሁ። ጸሐፊዎቻችን አንዱን ሰው በአምስት ዓይነት ይጽፉታልና። ሐያት ብዬዋለሁ፣ ሕይወት ማለት ነው። ይህች ከጠፋች መዝገቡ ይሠራል፣ ሰው ግን አያገኝም።»

ፊደሎቹን ለማስታረቅ የተሠራችውን ፋይል በፊደል ስሕተት የቀበርኳት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ፕሪንተሩ ጀመረ። አንድ መስመር አይደለም፤ ገጽ ከገጽ ተከታተለ። ሁለት ወር የታፈነ ስም ሁሉ ወጣ። ዑመር ከኡመር፣ ዓለም ከአለም፣ ፀሐይ ከጸሃይ ጋር ተገናኙ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እኛ ጋ ከተመዘገበችው «ሐያት አሊ» ጋር የተገናኘች «ኀያት ዐሊ» አየሁ፣ በብዙኃኑ ኀ። መንደሯም ከማሻ በላይ ያለው ነው። ሰኔ ላይ በሊሴ ፓሴ፣ በጊዜያዊ የጉዞ ወረቀት፣ ገብታለች፤ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ወረቀቷ ላይ ጸሐፊው እንደመሰለው ገልብጦታል። አዲስ አበባ በአንድ መጠለያ ትገኛለች። በአስተያየት ቦታው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ «አትናገርም። ቤተሰብ አልተገኘም።»

ወዲያው ልጅዎ ናት ልል አልደፈርኩም። ሐያት የሚባል ስም ብዙ ነው፣ አሊም ብዙ ነው። አንዲት እናት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ልጇን ብታጣስ?

«እማ፣ ቅጹን ዛሬ አንፈርመው። ነገ አንድ ቦታ ደውለን እናጣራ።»

ፊቴን መረመሩት። «ሰው አለ?»

«ስም አለ። የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«አብሽሪ» አሉኝ፤ እኔን ሊያጽናኑ። የዚያን ቀን በጋሽ ይመር ቤት አደሩ።

ሐሙስ ጠዋት ሙሉ የስልክ መስመሩ አልሠራም። የእማ ዘሀራ የመጀመሪያ ልጅ ማታውን ከማሻ ደውሎ ለጋሽ ይመር፣ ሰው ተጠርቷል፣ ሸሁም ተነግሯቸዋል፣ እናቴን በሚኒባስ ስደዱልኝ ብሎ ነበር። እኔ ስልኩን እያነሣሁ አስቀምጣለሁ። ከቅዳሴ ቀረሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት አነሣች፣ የመጠለያው ሠራተኛ ናት። ነገሩን አስረዳኋት።

«አለች» አለች። «ግን ተስፋ አታድርጉ። ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። በስሟ ስንጠራት እንኳ ዞር አትልም። መስማት የተሳናት መስላን አስመርምረናታል፣ ጆሮዋ ደኅና ነው አሉን።»

ዞርም አትልልሽ ያሉኝ ትዝ አለኝ። «እባክሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት።»

መነጋገሪያውን ለእማ ዘሀራ ሰጠሁ። ድምፁ ስለሚያፈተልክ ለእኔም ይሰማኛል። ከዚያ ወገን የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ሐያት» አሉ እናት።

ትንፋሹ ቆመ። ጉሙ መስኮቱን ደፍኖታል፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፤ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

«ሐያት።» ያችው ከጉሮሮ የምትወጣ ሐ።

ምንም። ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አንቺ ሐያት፣ እናትሽ ናት የምትጠራሽ።»

ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ሰው ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ከነቃ በኋላ እንደሚያወጣው ባለ ድምፅ፣

«አቤት» አለች። «አቤት እማ።»

ስለቀረው ብዙ አልጽፍም፤ የእነሱ ነው። ጁምዓ ሰዎቹ ተሰብስበው ነበር፣ ሸሁም መጥተው ነበር። የተደረገው ግን ምስጋና ነው አሉ፣ ለሰደቃዋ የታሰበው በሬም ታርዶ ተበላ። ከሳምንት በኋላ እማ ዘሀራ ልጃቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ሲመለሱ በቢሮው በኩል አለፉ። ሐያት ቀጭን፣ ጸጥ ያለች ልጅ ናት፤ ሰይድን ታውቂው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት፣ አታውቀውም። እናትዮዋ ነጠላቸውን ፈትተው ያቺን ብጣሽ መለሱልኝ።

«እንኪ። አልከፈንኩትም።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ። «አሁንስ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ እማ። ሲያገኝ ዝም ነው የሚል።»

ወንበር ስበው ከፊቱ ተቀመጡ። ዝም ሲል ለመስማት።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር ስናገር የማሽን ተአምር አድርገው የሚወስዱት አሉ። ማሽኑ ስሕተቴን ነበር የሚናገረው፣ ያንን አስረድቻችኋለሁ። ከሃያ ሁለት ፋይል ያቺ ብቻ ለምን ተሳሳተች ብትሉኝም መልስ አለኝ፣ ለመናገር ግን ይከብደኛል። «ኅዳር»ን በትክክል ጽፌአለሁ፣ «ፀሐይ»ንም በትክክል ጽፌአለሁ፤ አባቴ ያስተማሩኝ፣ ከመጽሐፍ የማውቃቸው ቃላት ናቸው። ሐያት ከእኔ መጽሐፍ አልነበረችም፣ ስለዚህ በጆሮዬ ጻፍኳት። ለራሴ ፊደል ሰው የምገሥጽ ሴት ለሌላው አንዲት ሐ ነፈግሁ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ከታፈኑት ስሞች ለአንዱ በሕይወት ሳለ ተዝካሩ ወጥቶ ነበር፤ ቤተሰቡን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ማብራሪያ ያላገኘሁለት ሌላው ነው፦ ሰይድ ከስም ሁሉ ለምን ያንን ስም መረጠ፣ እማ ዘሀራስ ስሙን ሳይናገሩ በዚያች ደቂቃ መብራቱ ለምን ሄዶ መጣ። አላገኘሁለትም፣ አልፋለሁ።

ዛሬም መካነ ሰላም ነኝ፣ ከአገሬ ሦስት ቀን ርቄ። ማንም ሰው ስሙን ሊያስመዘግብ ሲመጣ «ስምህ ማን ነው» ብዬ አላበቃም፤ «እናትህ እንዴት ትጠራሃለች» እላለሁ።

አንድ ፋይልም ጨምሬአለሁ። ሃያ ሦስተኛው ነው። ከአዲስ አበባ በሚመጣው ዝርዝር ሁሉ ላይ አንድን ሰው በሚጻፍበት ፊደል ሁሉ ይፈልጋል፤ ሰይድ፣ ሠይድ፣ ሰዒድ፣ ሠኢድ። ኩታበር እናቱ አሉ፣ በሌለበት አላሰገዱበትም። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ፕሪንተሩ ይንጫጫል፣ አዲስ ሠራተኞች ይደነግጣሉ፣ እኔ ወረቀቱን ቀድጄ መሳቢያው ውስጥ አኖራለሁ።

«ሰይድ አልተገኘም» ይላል።

ዝም የሚልበትን ቀን እጠብቃለሁ።